የወንድምሽን ፎቶ ከመስታወቱ አታላቅቂው

እህቴ፣ የሟች ወንድምሽ ብቸኛ የልጅነት ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆብሽ «ላላቅቀው ወይስ ልተወው? ትዝታውንስ እንዴት ላቆየው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም የታላቅ ወንድሜን ፎቶ ይዤ በዚሁ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ መስታወቱን እንጨርስ። በፍጹም አታላቅቂው። ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን ጄላቲን ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልስና መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ስትስቢው የሚላጠው የወንድምሽ ፊት ነው። ውሃም አታስነኪው። ውጭውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊና ከነመስታወቱ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አስደርጊው። ስካነር ከጠፋ ስልክም ይሆናል፤ ፍላሹን አጥፍተሽ ቀን በመስኮት አጠገብ አንሺው። ዋናውን ፎቶ ደግሞ ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አውርጂው።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው።

የወንድሜ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። የ1973 እንቁጣጣሽ ዕለት በራችን ላይ የተነሳው። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። በየቤቱ ሊያዞረው የሣለውን መልአክ ደረቱ ላይ ይዟል። የለበሰው ሹራብ ጉልበቱ ሊደርስ ምንም አልቀረው። በ1981 ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ ብዙም አይነሳም። እማዬን «ስለ እሱ ንገሪኝ» ባልኳት ቁጥር «ጨዋ ልጅ ነበር» ትልና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረግ ታደርጋለች። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

አንድ ቀን ስካኑን አጉልቼ እያሳየኋት «ይሄ ሹራብ የማን ነው?» አልኳት።

«የጎረቤት ልጅ ነዋ! እሱ የት ሹራብ ነበረውና!» አለች። ከዚያ ማን ያቁማት! በኩራዝ ሲሥል አምሽቶ እንደተቆጣችው ነገረችኝ። የመልአኩን ክንፍ ቢጫ የቀባው በአልጫው እርድ መሆኑን ነገረችኝ። እርዱ ሲጎድልባት ማን እንደወሰደው ጠፍቷት ነበር አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስኖር አንዱንም ሰምቼው አላውቅም።

ሹራቡን ያዋሰው ጎረቤታችን ዛሬ አሜሪካ ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ላክሁለት። ረጅም የድምፅ መልእክት መለሰልኝ። ሹራቡን የሰጠው ከሚገኘው ሳንቲም ግማሹ ለእሱ ሊሆን ተስማምተው ነው። ወንድሜ ማታ በሩ ላይ ቆሞ እኩል ቆጥሮ ሰጠው። «ጨዋ ልጅ» ማለት ለእኔ ያኔ ነው የገባኝ።

ስለዚህ «እንዴት ያለ ልጅ ነበር?» ብለሽ አትጠይቂ። ይሄ ጥያቄ ሰውን ያስለቅሳል እንጂ አያስወራም። ፎቶው ላይ ስለሚታየው ዕቃ ጠይቂ። ወንድምሽ የጨርቅ ኳስ ይዟል ብለሻል። ማን ሰፋው? ካልሲው የማን ነበር? የት ነበር የሚጫወቱት? ሲያወሩሽ ስልክሽን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጊው፤ ደስ እንዲላቸው ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። መሃል ገብተሽ አታርሚ። እማዬ ፎቶውን ያነሳው አጎታችን ነው ትላለች፤ አክስቴ ደግሞ ዞሮ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ነበር ትላለች። እኔ ሁለቱንም ጽፌ አስቀምጫለሁ።

የፎቶውን ጀርባም እዪ። «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል። አንቺ የምትጽፊው ካለ ለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስኪርቢቶ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል። ዓመቱን በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር ጻፊ፤ ውጭ ያደጉት የወንድምሽ ልጆች እንዳይምታታባቸው።

ቀለም ለሚቀባው አፕ ግን አትስጪው፣ እለምንሻለሁ። ለወንድሜ ሰማያዊ ሹራብ አለበሰው። እማዬ አረንጓዴ ነበር ብላለች።

እናትሽ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል ብለሻል። ስካኑ አንድ ወር ቢቆይ ምንም አይሆንም። እሳቸው ጋ በዚህ ሳምንት ሂጂ።