የዋሽንግተን ዲሲ ሆስፒታሎች ታሪክ፦ ጋሽ ተሾመን ጠይቁ

ጋሽ ተሾመ፦ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ ታክሲ እየነዳሁ ታሪክ ያነበብኩ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድሮ ስሙ ሌላ ነበር አሉ?

ጋሽ ተሾመ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ፍሪድመንስ ይባል ነበር፤ ነጻ የወጡ ሰዎች ሆስፒታል ማለት ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ዋሽንግተንን አጥለቀለቋት። በ1862 ለእነሱ ሲባል ተጀመረ። በ1863 አሌክሳንደር ኦገስታ የሚባል ጥቁር ሐኪም ኃላፊ ሆነበት። ሰውየው ሻለቃ ነው፣ ዩኒፎርሙን የለበሰ። በየካቲት 1864 በፈረስ የሚጎተት ትራም ሊሳፈር ሲል ትኬት ቆራጩ «ጥቁር ከነጂው ጋር ውጭ ነው የሚቀመጠው» አለው። እምቢ አለ፤ አስወረዱት። ዝናብ ነበር። በጭቃው በእግሩ ሄዶ፣ ምስክር ሆኖ የተጠራበት የጦር ፍርድ ቤት ዘግይቶ ደረሰ። ለምን ዘገየህ ሲሉት ታሪኩን ጻፈላቸው፤ ነገሩ ሴኔት ድረስ ሄደ። ከዚያ በ1868 የሃዋርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ተማሪዎቹም እዚያው ፍሪድመንስ ሠለጠኑ።

ቢኒ፦ 1862 በእኛ ነው?

ጋሽ ተሾመ፦ በፈረንጅ! ከላይ ምን አልኩ?

ማርታ፦ ስለ ዋልተር ሪድስ፣ ስለ ጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል?

ጋሽ ተሾመ፦ 1909 ተከፈተ፣ 2011 ተዘጋ፣ ሥራው ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ቤተዝዳ ሄደ። ቀጥሎ።

ዳዊት፦ ዶክተር ቻርልስ ድሩ፣ የደም ባንክ ሰውየው፣ ጥቁር ስለሆነ ሆስፒታል መልሶት ሞተ አይደል?

ጋሽ ተሾመ፦ አይደለም። ይህን ወሬ ስንቴ ላፍርሰው! ድሩ የፍሪድመንስ የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ነበር። በ1950 ኖርዝ ካሮላይና ላይ መኪናው ተገለበጠ። የነጮች ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሐኪሞቹ ሊያድኑት ሞክረዋል። አብረውት የነበሩት ጥቁር ሐኪሞች ራሳቸው መስክረዋል።

ዳዊት፦ እኛ ግን ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የተማርነው።

ሰናይት፦ ዳዊት፣ ጋሼ እያስረዳህ እኮ ነው።

ዳዊት፦ ያኔ ጥቁር አይመለስም ነበር ልትይኝ ነው?

ጋሽ ተሾመ፦ ይመለስ ነበር፣ ብዙ ሰው። ወሬው ከባዶ አልመጣም። የድሩ ግን አይደለም። በቃ።

ቢኒ፦ ከሃዋርድ ሆስፒታል የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ዘጠነኛው መንገድ ቅርብ ነው፤ ክትፎ በልቼ ፓርኪንግ ሳጣ...

ማርታ፦ ማታ ማን መኪና ይዞ ይሄዳል? ሜትሮ ያዝ።

ቢኒ፦ ሜትሮ እኩለ ሌሊት ይጠብቀኛል?

ጋሽ ተሾመ፦ ወደ ሆስፒታሉ እንመለስ።

ማርታ፦ የሃዋርድ ሐኪም የሆነ የእኛ ሰው አለ?

ጋሽ ተሾመ፦ መላኩ በያን! በ1935 ከሃዋርድ በሕክምና ተመረቀ። ጣሊያን ስትወር አገሩ ገብቶ ቁስለኛ አከመ። ከዚያ ንጉሡ ወደ አሜሪካ መልሰው ላኩት፤ በ1937 ኒውዮርክ ላይ ኢትዮጵያን የሚደግፈውን ማኅበር፣ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሠረተ። በ1940 ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ሞተ። በዚያ ሆስፒታል ደጅ ባለፍኩ ቁጥር እሱን ነው የማስበው።

ዳዊት፦ እሱ የተማረው አሁን ባለው ሕንፃ ነው?

ጋሽ ተሾመ፦ አይደለም፤ ያ የ1975 ነው። ቦታው ግሪፊዝ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም ነበር። ሜዳው ላይ መቺው የሚቆምበት ቦታ ዛሬ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል።

ቢኒ፦ ጋሼ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ...

ጋሽ ተሾመ፦ ሐኪም አይደለሁም ቢኒ!