የባትሪ ኢምፓክቱ ዳዶ መፍታት ለምን አቃተው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ከተማ መውጫ ላይ ትንሽ ጎሚስታ አለችኝ። መብራት ሲጠፋ በኮምፕሬሰር የሚሠራው መፍቻ ስለሚቆምብኝ ባለፈው ሐምሌ በባትሪ የሚሠራ ኢምፓክት (እየመታ የጎማ ዳዶ የሚፈታ ማሽን) ገዛሁ። ሣጥኑ የመጠምዘዝ ኃይሉ 1000 ኒውተን ሜትር ነው ይላል፤ ባትሪው ላይ ደግሞ 388 ቪኤፍ የሚል ተጽፎበታል። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይፈታ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት የሚኒባስ ዳዶ እንኳ ያስቸግረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይሻለዋል። አይሱዙ ላይ ሲሆን ይመታል፣ ይመታል፣ ዳዶው ንቅንቅ አይልም። ለአይሱዙ የምጠቀመው የ41 ቁልፍ የማሽኑ ራስ ላይ ስለማይገባ በመቀየሪያና በማራዘሚያ ነው የምሰካው። አንድ ጠጋኝ «ሞተሩ ደክሟል፤ ይቀየር» ብሎኛል። የሚጠይቀኝ ገንዘብ የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ያህላል። ልቀይረው?

መልስ፦ ልጄ፣ አትቀይረው። ቢያንስ ዛሬ አትቀይረው። «ከሰዓት በኋላ ይሻለዋል» ማለትህ ብቻ ሞተሩን ግማሽ በግማሽ ነጻ ያወጣዋል። የደከመ ሞተር ሰዓት አይመርጥም፤ ሰዓት የሚመርጠው ባትሪ ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ማሽኑ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ አድሮ ከሆነ ጠዋት ላይ የሊቲየም ባትሪው ቀዝቅዞ ኃይሉን ቶሎ መልቀቅ አይችልም። ባትሪውን ማታ ነቅለህ ቤትህ ውሰደው። እሳት ዳር ግን አታስቀምጠው። በረዶ እንደሆነም ቻርጀር ላይ አትሰካው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳዋል።

388 የሚለው ጽሑፍ ቮልት አይደለም፤ ገዢ ለመሳብ የተለጠፈ ቁጥር ነው። በእንዲህ ዓይነት ባትሪ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በተከታታይ የተያያዙ 5 ሴሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) ናቸው። እያንዳንዱ ሴል 3.6 ቮልት ስለሆነ ድምሩ 18 ይሆናል፤ ጢም ብሎ ሲሞላ 21 ይደርሳል። በቴስተር ለክተህ 20 ቢያሳይህ ግን «ባትሪው ደኅና ነው» ብለህ አትለፈው። ያረፈ ባትሪ ሁልጊዜ ደኅና ይመስላል። ፈተናው ምላጩን ስትስብ ነው፤ ያን ጊዜ የደከመው ሴል ይወርዳል፣ ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል። ተመሳሳይ ማሽን ካለው ሰው 10 ሴል ያለውን ወፍራም ባትሪ ለአንድ ሰዓት ተዋስና ያንኑ ዳዶ ሞክርበት። ሸክሙን ሁለት ረድፍ ሴሎች ስለሚካፈሉት አይንበረከክም። ዳዶው በተውሶው ባትሪ ከተፈታ መልስህን አገኘህ።

አሁን ወደ አይሱዙው ልምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ኢምፓክት ዳዶ የሚፈታው በመጠምዘዝ ሳይሆን በመምታት ነው። ውስጡ መዶሻ አለ፤ ሞላ ይገፋዋል፣ በየዙሩ ያፈገፍግና ተወርውሮ ይመታል። ምቱ በጣም አጭር ነው። አንተ ደግሞ በመዶሻውና በዳዶው መካከል መቀየሪያ፣ ማራዘሚያና ያን ከባድ የ41 ቁልፍ ደርድረሃል። ማራዘሚያው እንደ ሞላ ይጠማዘዝና ይመለሳል፤ በየመገጣጠሚያው ያለው ክፍተት ደግሞ ከምቱ ይቆነጥራል። ዳዶው ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ወጣት ሳለሁ በዚሁ ምክንያት አንድ ማሽን እስከ መጨረሻው ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ግራሶ ቀይሬ ገጥሜያለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ምንም አልተለወጠም። አለቃዬ መጥተው ማራዘሚያውን ብቻ ነቀሉና ቁልፉን በቀጥታ ሰኩት፤ ዳዶው በሁለት ሰከንድ ለቀቀ። ስለዚህ ማራዘሚያውን አውጣው። መቀየሪያው የግድ ከሆነ አጭርና የማይወዛወዝ ይሁን። ቁልፉም ለኢምፓክት የተሠራው ጥቁሩ ወፍራም ብረት ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው የእጅ ቁልፍ በምት ሊሰነጠቅና ዓይንህን ሊያገኝ ይችላል።

ከዚያ ዳዶውን ራሱን መርምረው። የእጅ መፍቻው ላይ በምትሰካው 1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ብታንጠለጥል 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የሚኒባስ ዳዶ የሚጠበቀው በዚህ አካባቢ ነው። የአይሱዙ ከ400 በላይ ይፈልጋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሾፌር መንገድ ላይ ጎማ ቀይሮ ቧንቧው ላይ ቢቆም ግን ወደ 700 ይጠጋል። በላዩ ላይ ዝገት ሲጨመርበት ለመፍታት ከዚያም ይበልጣል። ማራዘሚያ ላይ ግማሽ ኃይሉን የጣለ ማሽን ይህን ካልቻለ አትፍረድበት። ጎማው መሬት እንደያዘ፣ ክሪክ ሳይነሣ፣ በቧንቧ ሞክረው። በቀላል ግፊት ከለቀቀ ጥፋቱ የማሽኑ ወገን ነው። ሙሉ ክብደትህን ከፈለገ ግን የዳዶው ነው፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነክረህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ በቧንቧ አስነሣው፣ ቀሪውን ማሽኑ ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠይቅ አላልፍም። በብዙ የቆዩ አይሱዙዎች የግራ ጎማ ዳዶ ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። ብዙ ጊዜ የብሎኑ ጫፍ ላይ ኤል የምትል ፊደል ትታያለች። አንተ ይህን ታውቀዋለህ፤ ረዳትህስ? የማሽኑ አቅጣጫ መቀየሪያ በተሳሳተ በኩል ሆኖ ለአምስት ደቂቃ ከተመታ ማሽኑ ሲያጠብቀው ቆይቷል ማለት ነው፤ ብሎን የሚበጠሰውም እንዲህ ነው። «አይነቃነቅም» ያልከኝ በሁለቱም ጎን ነው ወይስ በግራ ብቻ?

ስለ ማሽኑ ውስጥ ጥቂት ልበል። ድምፁ ጥርት ያለ የብረት ምት ከሆነ መዶሻው ደኅና ነው። ከታፈነ፣ ግራሶው ደርቋል ወይም አንድ ሰው ከልክ በላይ ሞልቶበታል። እየዞረ ጨርሶ የማይመታ ከሆነ ሞላው ወይም መዶሻው ተሰብሯል። ቁልፍ የሚሰካበት አራት ማዕዘን ራስ ጠርዙ ከተበላም ምቱ ይባክናል። ሞተሩን የምትጠረጥረው ደኅና ባትሪ ተሰክቶ ያለ ሸክም ሲዞር እንኳ ከቀዘቀዘ፣ ወይም የመቃጠል ሽታ ካመጣ ነው። ያን ጊዜም ሞተሩ ባለ ካርቦን ከሆነ መጀመሪያ ካርቦኑን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን፣ እየተፋቀ የሚያልቀውን ቁራጭ) አሳይ፤ እሱን መቀየር ሙሉ ሞተር ከመቀየር እጅግ ይቀንስልሃል።

በነገው ጠዋት ቤት ባደረ ባትሪ፣ ያለ ማራዘሚያ፣ አንድ ሚኒባስና አንድ አይሱዙ ሞክርና ጻፍልኝ። ጠጋኙን እስከዚያ ይጠብቅ በለው።