ልጆችን በችሎታ መመደብ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ክፍል ልጄ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ልጆች ሴክሽን ውስጥ ተመደበ። አሁን «እኔ አልችልም» ማለት ጀምሯል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከምደባው ይልቅ ይህች ቃሉ ታሳስበኛለች። ሴክሽኖቹ የአበባ ስም ቢወጣላቸው እንኳ ልጆች የታችኛው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ያውቁታል። ዛሬ ነገ ሳይሉ ትምህርት ቤቱ ሄደው ይጠይቁ፦ በምን ፈተና ተመደበ? ምደባው እንደገና የሚታየው መቼ ነው? ባለፈው ዓመት ከዚህ ሴክሽን ወደ ላይኛው ያለፈ ልጅ አለ? ማንም ካላለፈ፣ ልጁ ላይ ተፈረደበት እንጂ አልታገዘም። ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ የሚያንስ ከሆነም ይንገሯቸው፤ በዚህ ዕድሜ የጥቂት ወራት ልዩነት ውጤት ላይ ይታያል፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደ ችሎታ ማነስ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ፊደል ያልለየውና መጽሐፍ የሚያነበው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሳልለያቸው እንዴት ላስተምር?

መልስ፦ መለየት ሁሉ ጎጂ አይደለም። ኬንያ ውስጥ በ121 ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነበር። አንደኛ ክፍልን በመነሻ ውጤት ለሁለት የከፈሉት ትምህርት ቤቶች በዕጣ ከከፈሉት የተሻለ ውጤት አገኙ፤ ዝቅ ብለው የጀመሩት ልጆችም ተጠቅመዋል። መምህሩ ለልጆቹ ደረጃ የሚመጥነውን ማስተማር ችሎ ነበርና። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅትም ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉትን ለተወሰነ ሰዓት ብቻ በንባብና በሒሳብ ደረጃቸው ያሰባስባል፣ ልጁ ሲሻሻል ቡድኑን ይቀይርለታል። እርስዎም ለንባብ ሰዓት ብቻ ይለዩአቸው፤ በየጥቂት ሳምንቱ ይፈትኗቸው። በሌላው ትምህርት አብረው ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ጎበዞቹ ለብቻቸው ካልተማሩ ወደ ኋላ አይቀሩም?

መልስ፦ ፊንላንድ በመሠረታዊ ትምህርት በችሎታ መመደብን እ.ኤ.አ. በ1985 አስቀርታለች። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው ፒሳ በተባለው፣ የተለያዩ አገሮችን የ15 ዓመት ተማሪዎች በሚያወዳድረው ፈተና በንባብ አንደኛ ወጣች። ለዚህ ያበቃት ይህ ብቻ ነው አልልም፤ መምህራኖቿ በደንብ የሠለጠኑ ናቸው። ጎበዞቿ ግን ወደ ኋላ አልቀሩም።

ጥያቄ፦ የጎበዞች ሴክሽን ከገባሁ ወዲህ ሰነፍ የሆንኩ ይመስለኛል። ድሮ አንደኛ ነበርኩ።

መልስ፦ አልሰነፍሽም፤ የምትወዳደሪያቸው ልጆች ናቸው የተለወጡት። የአምናና የዘንድሮ ደብተርሽን ጎን ለጎን አድርገሽ እዪ።

ጥያቄ፦ ርዕሰ መምህር ነኝ። በጣም ጎበዙን መምህር ለየትኛው ሴክሽን ልስጥ?

መልስ፦ ለታችኛው። ላይኛው ሴክሽን ያሉት ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያስጠናቸው ሰው አላቸው፤ የታችኛው ሴክሽን ልጅ ያለው ግን ብዙ ጊዜ መምህሩ ብቻ ነው።