መልስ፦ የሬዲዮ ማይክሮፎን ለፖለቲከኛ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

የአድማጮችን ስልክ እየተቀበለች የምታወያይ ጋዜጠኛ ወደ ፖለቲካ ብትገባ ሙያዋ ይጠቅማታል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ የካናዳዋን ዳንየል ስሚዝን ታሪክ ቢመለከቱ መልሱን ከነችግሩ ያገኙታል።

ስሚዝ በካልጋሪ ሄራልድ ጋዜጣ ዓምደኛ ነበሩ። በ2009 እ.ኤ.አ. በአልበርታ ግዛት የዋይልድሮዝ ፓርቲ መሪ ሆኑ፤ በ2012ቱ ምርጫም ፓርቲያቸው 17 መቀመጫ በማግኘቱ የተቃዋሚዎች መሪ ለመሆን በቁ። ሆኖም በ2014 መጨረሻ ከስምንት የምክር ቤት ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ገዢው ፓርቲ ሲሻገሩ ብዙ ደጋፊዎቻቸው እንደ ክህደት ስለቆጠሩት፣ በቀጣዩ ዓመት በገዛ የምርጫ ክልላቸው ዕጩነቱን እንኳ ሳያገኙ ቀሩ።

በእኔ ግምት ያነሣቸው ሬዲዮው ነው። ከ2015 እስከ 2021 መጀመሪያ በካልጋሪ የውይይት ዝግጅት ሲመሩ፣ የደዋዩን ብሶት በትዕግሥት ሰምቶ ያለ ጽሑፍ ወዲያው መመለስን፣ የትኛው ቅሬታ እንደሚደጋገም መለየትንም በየቀኑ ተለማመዱ፤ ይህን ዕድል የሚያገኝ ፖለቲከኛ ጥቂት ነው። በጥቅምት 2022 የግዛቲቱ ፕሪሚየር (የግዛቲቱ መንግሥት መሪ) ሆኑ፤ በግንቦት 2023ም አሁን የሚመሩት ዩናይትድ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ከ87 መቀመጫዎች 49ኙን አሸነፈ።

ጉዳቱም ከዚያው ልማድ ይመነጫል፤ ለዓመታት በነፃነት የተናገረ ሰው ቃሉ ተቀድቶ ይቀመጣልና፣ በ2023ቱ የምርጫ ዘመቻ ተቀናቃኞቻቸው የቀድሞ ንግግሮቻቸውን እየመዘዙ ሞግተዋቸዋል። ያም ሆኖ ማይክሮፎኑን አልተዉትም፤ ፕሪሚየር ከሆኑ በኋላም በሬዲዮ ቀርበው የአድማጮችን ጥያቄ መመለስ ጀምረዋል።