ሁለት ፀሐይ ያላት ዓለም ተገኘች ቢባል እምነታችን ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከመሐል ሜዳ ነው። አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ሁለት ፀሐይ የሚዞሩ ፕላኔቶች ተገኝተዋል ብሎ ከስልኩ እያነበበ ነገረን። አባቴ ሰምተው ተቆጡ። «ኦሪት ፀሐይን ለቀን፣ ጨረቃን ለሌሊት ብላ ጨርሳለች፤ ሌላ ፀሐይ አለ የሚል መናፍቅ ነው» አሉት። ልጁም ዝም አላለም። «እዚያ ብንኖር በዐቢይ ጾም የምንጾመው እስከ የትኛዋ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ነው?» ብሎ ነገሩን አባሰው። አሁን ደግሞ ይህንኑ ጽፌ ሰንበት ትምህርት ቤት ላቅርብ እያለ ነው። ልከልክለው? ንስሐስ ያስፈልገዋል? እዚያ ሰው ቢኖርስ ጌታ ለእነሱም ነው የሞተው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከልጁ ልጀምር። ልጁ መናፍቅ አይደለም። ያነበበውን በመናገሩ ንስሐ የሚገባበት ነገር የለም። ለአያቱ የመለሰበት አፍ ግን ልክ አይደለም፤ ሄዶ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ። አባትዎም የተቆጡት ለመጽሐፉ ቀንተው ነው። እንዲህ ያለ ሽማግሌ በቤት መኖሩ ደግ ነው።

ወሬው እውነት ነው። የቲክቶክ ፈጠራ አይደለም። ኬፕለር የተባለው የናሳ የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ላይ ወጣ። ሥራው ከመቶ ሺህ በላይ ከዋክብትን ዓይኑን ሳይነቅል ማየት ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ሎረንስ ዶይል የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ኬፕለር 16ቢ የተባለችውን ፕላኔት ይፋ አደረጉ። መጠኗ ሳተርንን ያህላል። ሁለቱ ፀሐዮቿ ሁለቱም ከእኛዋ ያነሱ ናቸው። እርስ በርሳቸው በ41 ቀን ይዞራሉ። እሷ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ በ229 ቀን ትዞራቸዋለች። ከእኛ ያላት ርቀት ከ200 የብርሃን ዓመት ይበልጣል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው መንገድ ነው።

«ማን አየና?» ይሉ ይሆናል አባትዎ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ፕላኔቷን በዓይኑ ያየ የለም። ሌሊት ማኅሌት ላይ ቆመን ራቅ ካለው መብራት ፊት ዲያቆኑ ሲያልፍ፣ ፊቱን ባናይም ብርሃኑ ለአፍታ ሲጋረድ ሰው ማለፉን እናውቃለን። የእነሱም አሠራር ይኸው ነው። ሁለቱ ኮከቦች አንዱ አንዱን ሲጋርድ ብርሃናቸው በቀጠሮ ይቀንሳል። ይህ ከድሮም የታወቀ ነው። ኬፕለር 16 በሚባሉት በእነዚህ ሁለት ፀሐዮች ላይ ግን ከሁለቱ መጋረድ ጋር የማይገጥም ሦስተኛ መደብዘዝ መጣ። እሱም ቀጠሮ አያከብርም፤ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። ለምን ቢባል ኮከቦቹ ራሳቸው አንድ ቦታ አይቆሙም፤ የምታልፈው ፕላኔት በየጊዜው የምታገኛቸው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሁለቱን ኮከቦች በስበቷ ትንሽ ትንሽ ስታናውጣቸውም ታየ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተገኝተዋል። ኬፕለር 47 በሚባሉት ሁለት ኮከቦች ዙሪያ ሦስት ፕላኔቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ለክረምት ልምምድ ናሳ የገባ የ17 ዓመት ተማሪ በሦስተኛ ቀኑ የኮከቦችን መረጃ ሲያገላብጥ ሌላ አንዲት አገኘ። ቲኦአይ 1338ቢ ትባላለች። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት። ከእሱ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ኦሪት እንምጣ። አባትዎ የጠቀሱት ቃል ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ ነው። ጥቅሱን ግን ከመካከል ቆርጠው ነው የተዉት። ቁጥር 15 «በምድር ላይ ያበሩ ዘንድ» ይላል። ሁለቱ ታላላቅ ብርሃናት ለማን እንደተሰጡ መጽሐፉ ራሱ ተናግሯል፤ ለምድር ነው። ለምልክቶች፣ ለዘመኖች፣ ለዕለታትና ለዓመታት። ቁጥር 16 ደግሞ ሲጨርስ «ከዋክብትንም ደግሞ አደረገ» ይላል። በቃ፣ ይህንኑ ብቻ። ስንት እንደሆኑ፣ የትኛው ብቻውን እንደቆመ፣ የትኛው ከጓደኛው ጋር እንደሚዞር አልጻፈልንም። የልጅዎ ሁለት ፀሐዮች ከዋክብት ናቸውና ቦታቸው እዚህች አጭር ቃል ውስጥ ነው። በእኛ ሰማይ ላይ ሁለተኛ ፀሐይ ወጣች ያለ የለም።

ቅዱስ ጳውሎስም «በክብር አንዱ ኮከብ ከሌላው ኮከብ ይለያል» ብሏል። በየቀኑ ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም «የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ» እንላለን። መቼም ያልታየን ሁሉ የፈጠረው እሱ ነው ብሎ የመሰከረ ሰው፣ ያልታየው ሲታይ የሚደነግጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላም ነገር አለ። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ብርሃን የተፈጠረው እሑድ ነው፤ ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው። አባቶች በዚህ ቅደም ተከተል ሲያስተምሩ ፀሐይ ብርሃንን የተሸከመች ፍጥረት እንጂ የብርሃን ባለቤት እንዳልሆነች አሳይተዋል። እንግዲህ ተሸካሚዋ አንዲት ብትሆን ሁለት፣ ሰጪው ያው ነው።

አንድ ነገር ግን አልወድም። ሳይንስ አንድ ነገር አገኘ በተባለ ቁጥር «ይህንን ሄኖክ ቀድሞ ተናግሮታል» የሚሉ ቪዲዮዎች ይበዛሉ። ሄኖክ ስለ ብርሃናት ብዙ ጽፏል፤ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ስለ ፀሐይና ጨረቃ አካሄድ፣ ስለሚወጡባቸውና ስለሚገቡባቸው መስኮቶች ነው። ስለ ኬፕለር 16ቢ ግን አልጻፈም። ያላለውን አለ ማለት ለመጽሐፉ ክብር አይጨምርለትም። ነገ ሳይንቲስቶቹ ቁጥራቸውን ቢያሻሽሉ ያን ጊዜ ሄኖክንም ልናሻሽል ነው?

ሰማይን ማየትና መቁጠር ራሱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባቶች አበቅቴና መጥቅዕ እያወጡ ጾምና በዓሉን የሚነግሩን በፀሐይና በጨረቃ ስሌት ነው። እኔ ያለሁባት ደብረ ብርሃንም ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባት፣ መቀመጫቸውንም ያደረጉባት ከተማ ናት። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህን ስናገር የሚከፋቸው አሉ። እኔ አይከፋኝም። ጅራታም ኮከብን በጊዜው የሚያመጣ ሌላ ፈጣሪ አለ እንዴ?

አሁን የሚያስቆጣኝን ልንገርዎት። ሁለት ፀሐይ ሲባል ደንግጦ የሚያማትበው ሰው፣ ልጁን ሊድር ሲል የሙሽራዋንና የሙሽራውን ስም ከነእናታቸው ስም ይዞ ኮከብ ለማስቆጠር ይሄዳል። ዐውደ ነገሥት ከገበያ ገዝቶ ትራሱ ሥር የሚያኖርም አለ። «ኮከባችን አልገጠመም» ተብሎ የተበተነ ትዳር በዚህ በሰሜን ሸዋ ስንት አለ! ኃጢአቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘዳግም 4፥19 ፀሐይንና ጨረቃን፣ ከዋክብትንም አይቶ መስገድን የከለከለው፣ ፍጥረት ጌታ እንዳይሆንብን ነው። ኮከብን መለካት ሌላ ነው፤ ኮከብን ዕጣዬን ንገረኝ ማለት ሌላ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ሲያስተምር ኮከብ ቆጣሪዎችን የረታበት መንገድ ደስ ይለኛል። የሕፃኑ ዕጣ በተወለደበት ቅጽበት ይወሰናል ትላላችሁ፤ እሺ። አዋላጇ ወንድ ይሁን ሴት ታያለች። እስኪያለቅስ ትጠብቃለች። ከዚያ ሰው ወጥቶ ለቆጣሪው ይነግራል። ቆጣሪው ሰማዩን እስኪያይ ድረስ ያ ቅጽበት የት ደርሷል? ይህን ያለው በአራተኛው መቶ ዘመን ነው። በቤትዎ ኮከብ ያስቆጠረ ካለ፣ ንስሐ አባታችሁ ዘንድ መሄድ ያለበት እሱ ነው፤ ስለ ፕላኔት ያነበበው ልጅ አይደለም።

እዚያ ሰው አለ ወይ ላሉት፣ እስካሁን ከምድር ሌላ በየትኛዋም ፕላኔት ላይ ሕይወት አልተገኘም። ኬፕለር 16ቢ በተለይ እንደ ሳተርን ያለች ናት፤ እንደ ምድር የሚረገጥ መሬት የላትም። ብርዷም ከዜሮ በታች ከ70 ዲግሪ ያልፋል። የመንዝን ቁር በባና ተጠቅልሎ ላደገ ሰው እንኳ አይሞከርም። ጌታ ሥጋ የለበሰው ግን ለማን እንደሆነ ጸሎተ ሃይማኖት «ስለ እኛ ስለ ሰዎች» ብሎ ነግሮናል። ከዚያ ወዲያ፣ ባልተገኘ ፍጥረት ላይ ቤተ ክርስቲያን የደነገገችው ትምህርት የለም፤ እኔም ከራሴ አልፈጥርም። ማርስ ላይ ጥምቀት ይፈጸማል ወይ ብሎ ሌሊቱን ሲከራከር ያደረ የሰንበት ተማሪ አውቃለሁ። ጠዋት ቅዳሴ አመለጠው።

የጾሙ ጥያቄ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስቆኛል። ደግሞም የዋዛ አይደለም። የድሮ አባቶች ሰዓት ሳይኖራቸው ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን የሚያውቁት ፀሐይ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ነበር። ኬፕለር 16ቢ ላይ መቆም ቢቻል ሰው ሁለት ጥላ ይኖረው ነበር። ከትልቋ ብርቱካንማ ፀሐይ የሚመጣው ጥላ የጎላ፣ ከትንሿ ቀይ ፀሐይ የሚመጣው የደበዘዘ። አንዷ ሌላዋን ስትጋርድ ደግሞ አንድ ጥላ ብቻ ይቀራል። የቱን ይስፈር? እንግዲህ የጎላውን ይሰፍራል ብዬ እገምታለሁ።

ዋናው ግን ሥርዓቱ ለሰው ተሠራ እንጂ ጾም የፀሐይ ሎሌ አይደለም። ይህን ለማየት ሌላ ዓለም መሄድ አያስፈልግም። በስዊድን ሰሜናዊ ጫፍ በሰኔ ፀሐይ አትጠልቅም። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሐዋርያትን ጾም ሲጾሙ ፀሐይ እስክትገባ ቢጠብቁ ሳምንታት ሊያልፉ ነው። ስለዚህ በሰዓት ይጾማሉ። ልጅዎም ጥያቄውን በዚህ ይመልሰው፤ አያቱን ለመርታት ግን አይደለም።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያቅርብ ወይ? ያቅርብ። አይከልክሉት። ግን አስቀድሞ ለኃላፊዎቹና ለደብሩ ካህን ጽሑፉን ያሳይ፤ ሥርዓቱ ይህ ነው። ሲያቀርብ ከመዝሙር 18 ይጀምር፤ «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» የሚለውን። የአገሩንም ነገር ይጨምርበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች አንዳንድ ኮከብ እንዲሰይሙ ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞረው ፕላኔት «አቦል» ተብላለች።  ሕፃናቱ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል።

ሁለት ኮከብ ማየት ከፈለጉ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ማታ ሰማዩ ሲጠራ ከቤት ያውጣቸውና ወደ ደቡብ ያሳያቸው። ከአድማሱ ብዙም ሳትርቅ የምታበራ ደማቅ ኮከብ አለች፤ አልፋ ሴንታውሪ ትባላለች። በዓይን አንድ ትመስላለች። በቴሌስኮፕ ሲያዩዋት ግን እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ፀሐዮች ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሁለት ፀሐይ አብረው ሲጠልቁ የሚያሳዩት ባለ ቀለም ምስሎች በሰው እጅ የተሳሉ ናቸው፤ ፎቶ አይደሉም። ከለጠፋቸው ከሥራቸው «ሥዕል ነው» ብሎ ይጻፍ።