ከእርማቱ ጎን የሚለጠፈው መለያ፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ስለሌለኝ በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ስለ ወሎ ከተሞችና ወንዞች የተጻፉ መጣጥፎችን የማርመው በአንድሮይድ ስልኬ ላይ ባለው መተግበሪያ ነው። የገጹን ታሪክ ስከፍት እርማቱ በሞባይል፣ በመተግበሪያ፣ ከዚያም በአንድሮይድ መተግበሪያ መደረጉን የሚናገሩ መለያዎች ከስሜ ጎን ተደርድረው አገኛለሁ። በኮምፒውተር ከሚያርሙት የብዙዎቹ ስም ጎን ግን ምንም የለም። እንደ ተጠርጣሪ ነው የምቆጠረው? መለያውንስ ማስነሣት እችላለሁ? (አንድ አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ መለያው የጥርጣሬ ምልክት አይደለም፤ ሊነሣም አይችልም። ሰው የሚለጥፈው ሳይሆን ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌር እርማቱ በሚመዘገብበት ቅጽበት ራሱ የሚያያይዘው ነው፤ ስለዚህ እርስዎም ሆኑ የገጹ መጋቢዎች ሊፍቁት አይችሉም። የሚናገረውም እርማቱ በየትኛው መሣሪያ እንደተደረገ ብቻ ነው። የስልክዎን ሞዴል፣ ያሉበትን ከተማ ወይም የእርማትዎን ጥራት አይገልጽም።

በኮምፒውተር የሚሠሩትም ቢሆኑ ከመለያ ነጻ አይደሉም። ገጹን እንደሚነበበው ሆኖ እየታየ የሚያሳርመውን ምስላዊ አርታዒ የተጠቀመ፣ መጣጥፍ ከሌላ ቋንቋ በሚያስተረጉመው የይዘት መተርጎሚያ መጣጥፍ ያመጣ ወይም የሌላውን እርማት የመለሰ ሰው ሁሉ የየራሱ መለያ ይያያዝለታል። ባዶ ሆኖ የሚታየው በኮምፒውተር ጥሬ ጽሑፉን ከፍቶ ያረመ ሰው ነው፤ ዊኪፔዲያ በ2001 ሲጀመር የነበረው መንገድ እርሱ ብቻ ስለሆነና መለያዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጡ ስለሆኑ፣ ቀዳሚው መንገድ ያለ ስም ቀረ። ባዶነቱ የዕድሜ ጉዳይ ነው እንጂ የክብር አይደለም።

መለያው ለእርስዎ ለራስዎ የሚጠቅምበትን አንድ ጉዳይ ላንሣ። መተግበሪያዎቹ ለዓመታት በተጠቃሚው የውይይት ገጽ ላይ የሚጻፍለትን መልእክት በሚገባ አያደርሱም ነበር። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ አዲስ አርታዒ ምንጭ ሳይጠቅስ ሲጽፍ አንጋፋዎቹ ይመክሩታል፤ እርሱ ምክሩ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይቀጥላል፤ እነርሱም ንቀት መስሏቸው ደጋግመው ካስጠነቀቁት በኋላ ያግዱታል። ነገሩ የግትርነት ሳይሆን የመሣሪያ ችግር መሆኑን ለማሳየት፣ መልስ የማይሰጡት ሰዎች ከመተግበሪያ የሚጽፉ መሆናቸውን የሚያመለክተው መለያ ዋነኛ ማስረጃ ሆነ። ከብዙ አቤቱታ በኋላ የውይይት ገጾችና ማሳወቂያዎች በመተግበሪያዎቹ ውስጥ እየተሻሻሉ መጥተዋል። መለያው ባይኖር ኖሮ ጥፋቱ ሁሉ በሰዎቹ ላይ እንደተላከከ ይቀር ነበር፤ ይህ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ሲሆን ጊዜ ሳገኝ በአማርኛው ዊኪፔዲያ የቅርብ ጊዜ ለውጦችን እከታተላለሁ። በመተግበሪያ የገቡ የመጣጥፍ አጭር መግለጫዎችን (መጣጥፉ ስለ ምን እንደሆነ በጥቂት ቃላት የሚናገሩትን) አንድ ላይ ለመሰብሰብ ብሞክር አልሆነልኝም። በቆዩት እርማቶች ላይ በማጠቃለያው (ስለ እርማቱ በአጭሩ በሚጻፈው ማስታወሻ) ውስጥ በሀሽታግ የሚጀምር የላቲን ጽሑፍ አለ፤ በአዲሶቹ ላይ ደግሞ መለያ አለ፤ የመለያዎቹ ስምም ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ለምን አንድ ወጥ አልሆነም? (አንዲት አንባቢ)

መልስ፦ ያስተዋሉት ትክክል ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያ አጭር መግለጫ መጨመርንና መተርጎምን፣ ለሥዕል መግለጫ መጻፍንም ለተጠቃሚው በሐሳብነት ማቅረብ ሲጀምር፣ የእርማቱ ዓይነት እንዲታወቅ በማጠቃለያው ላይ ሀሽታግ ይጽፍ ነበር። ማጠቃለያ ግን ማንም የፈለገውን የሚጽፍበት ቦታ ነው። ያንኑ ሀሽታግ ከኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የለውጦች ዝርዝር ማጣሪያም የሚለየው በመለያ ነው እንጂ በማጠቃለያ ውስጥ ባለ ቃል አይደለም። ኋላ ላይ ሥራው በመደበኛ መለያዎች የተተካው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ መለያ ሲወጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በአሮጌ እርማቶች ላይ ስለማይለጠፍ፣ የእርስዎ ዝርዝር መሐል ላይ መቆረጡ አይቀርም፤ ሁለቱን ለየብቻ ሰብስቦ መደመር ነው ያለው አማራጭ።

ሶፍትዌሩ ራሱ የሚያያይዘው እያንዳንዱ መለያ ሁለት ስም አለው። አንደኛው በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚቀመጠው፣ በሁሉም ቋንቋዎች ዊኪፔዲያ አንድ ዓይነት የሆነውና ሊለወጥ የማይገባው የውስጥ ስም ነው፤ ሁለተኛው ለአንባቢ የሚታየው የሚተረጎም ስም ነው። የሚታየው ስም በእንግሊዝኛ ሆኖ ካገኙት ትራንስሌትዊኪ በተባለው ድረ ገጽ መተርጎም ይችላሉ፤ ትርጉሙ አንዴ ከገባ በኋላ ገጹን በአማርኛ ለሚያይ ሰው ሁሉ ይደርሳል። የውስጥ ስሙ በተቀየረ ቁጥር ግን ቆጠራው እንደገና ይበጠሳል። እዚህ ላይ ሥርዓቱ ገና ብዙ ይጎድለዋል የምል ነኝ። ለምሳሌ ከውጭ ሠሪዎች የመጡ መሣሪያዎች በተጠቃሚው ፈቃድ በስሙ ገብተው ሲያርሙ የሚለጠፍባቸው መለያ የውስጥ ስሙ በቁጥር ብቻ የሚለይ ስለሆነ፣ የውስጥ ስሙን ብቻ ለሚያይ ሰው ምንም አይናገርም።

መለያዎችን ወጥ ለማድረግ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው፣ አርታዒው ሲጽፍ በስክሪኑ ላይ ምን ይታየው ነበር የሚለውን ነው ብዬ አምናለሁ። አጭር መግለጫ የሚጨምር ሰው አንዲት ጠባብ ሣጥን ይቀርብለታል፤ አንድ ክፍል ብቻ ከፍቶ የሚያርም ሰው የቀረውን መጣጥፍ አያይም፤ ሙሉውን ጽሑፍ የከፈተ ደግሞ በትንሽ ስክሪን ላይ ረጅም ኮድ ውስጥ ይዋኛል። የሦስቱም ስሕተቶች ይለያያሉ፤ ስለዚህ «መተግበሪያ» የሚል አንድ ጥቅል ስም አይበቃቸውም። በአንጻሩ አንድ ዓይነት ሥራ በአንድሮይድና በአይፎን ሲሠራ የሥራው መለያ አንድ መሆን ሲገባው፣ ስልኩን የሚለየው መለያ ከጎኑ ለብቻው ሊቆም ይችላል። መለያው ሁሉን እንደማይናገርም ማስታወስ ያሻል፤ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ነጥብ ደጋግሞ የገባበት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከስልኩ የቁልፍ ሰሌዳ የመጣ ቢሆንም፣ የቁልፍ ሰሌዳውን የሚገልጽ መለያ የለም።

ከ2020 ጀምሮ ሶፍትዌሩ በሌላ ሰው የተሻረን እርማት በራሱ መለያ ስለሚያሳይ፣ ከመተግበሪያ ከገቡት ውስጥ ስንቱ እንደተሻረ ማስላት ቀላል ሆኗል። ሆኖም ከፍ ያለ ቁጥር ሲያዩ በመሣሪያው ላይ ከመፍረድዎ በፊት፣ አዲስ አርታዒዎችን ከአዲስ አርታዒዎች ጋር ብቻ ያነጻጽሩ። በስልክ የሚጀምረው ብዙ ሰው ጀማሪ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ በየትኛውም መሣሪያ ቢጽፍ ከአንጋፋው የበለጠ ይሻርበታል።

ጥያቄ፦ የአማርኛው ዊኪፔዲያ ተቆጣጣሪዎች ጥቂት ናቸው። ታዲያ ከመተግበሪያ የሚመጣው እርማት ሁሉ በማጣሪያ ሕግ ቢታገድ አይሻልም? (አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይሻልም። አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልክ በሆነበት አገር፣ ስልክን ማገድ አዲስ ጸሐፊን ማገድ ነው። እርማት ሲገባ በተጻፈለት ሕግ የሚፈትሸው የሚዲያዊኪ ማጣሪያ እርማቱ ከመተግበሪያ መምጣቱን ለይቶ ማወቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሕጉ የሚጻፈው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በጥፋቱ ላይ ሊሆን ይገባል። አንድ ሙሉ ገጽ ባዶ ሲደረግ፣ ወይም የምንጮች ዝርዝር በአንድ ጊዜ ሲጠፋ፣ ማጣሪያው እርማቱን ሳይከለክል የራሱን መለያ እንዲለጥፍበት ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ጊዜ ጥቂቶቹ ተቆጣጣሪዎች ያንን መለያ ብቻ አጣርተው ይመለከታሉ። ሕጉ በመጀመሪያ መዝግቦ ብቻ ዝም እንዲል ተደርጎ ይሞከር፤ የያዛቸው እርማቶች አንድ በአንድ ተነብበው ያለ ጥፋታቸው የተያዙት ጥቂት መሆናቸው ሲረጋገጥ መለያው ይከፈትለት፤ ክልከላ ላይ መድረስ ካስፈለገም አስቀድሞ በማኅበረሰቡ የውይይት ገጽ ላይ ይመከርበት።