የክላውዲዮ ሬይና የእግር ኳስ ሕይወት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቀድሞው የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን አምበልና አማካይ ስለ ክላውዲዮ ሬይና ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለማናውቀው ሰዎች፣ ሬይና ማን ነው?

በ1973 በኒው ጀርሲ ተወለደ። አባቱ ሚጌል ከአርጀንቲና የመጡ ስደተኛ ናቸው፤ በአገራቸው ሎስ አንዴስ ለተባለው ክለብ ተጫውተዋል። ስለዚህ ልጁ ኳስን ከትምህርት ቤት በፊት ከቤቱ ነው ያገኘው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተጫውቶ ወደ አውሮፓ ተሻገረና ለባየር ሌቨርኩሰን፣ ለቮልፍስቡርግ፣ ለግላስጎው ሬንጀርስ፣ ለሰንደርላንድና ለማንችስተር ሲቲ ተሰለፈ። ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ ለኒው ዮርክ ሬድ ቡልስ ተጫወተና በሐምሌ 2008 ጫማውን ሰቀለ። ለአገሩ 112 ጊዜ ተጫውቷል።

ጥያቄ፦ ከዩኒቨርሲቲ ቡድን ወጥቶ ጀርመን መግባት እንዴት ይቻላል? የዩኒቨርሲቲው ኳስ ያን ያህል ጠንካራ ነበር?

ቡድኑ በእርግጥ ጠንካራ ነበር። ቨርጂኒያ ሬይና በነበረባቸው በ1991፣ በ1992 እና በ1993 የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። የመጀመሪያውን ከሳንታ ክላራ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ በመለያ ምት አሸነፈ፤ ቀጥሎ ሳን ዲየጎንና ሳውዝ ካሮላይናን 2 ለ 0 ረታ። አሠልጣኙ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን የመራው ብሩስ አሬና ነበር። ሬይና በ1993 ለአገሪቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄርማን ሽልማት ወሰደ።

ነገር ግን የውድድሩ አሠራር ለእንደ እርሱ ዓይነት አማካይ አይመችም ነበር። ውድድሩ የሚካሄደው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ዐርፎ ተመልሶ መግባት ይችላል። የሬይና ጥበብ ኳሷን ከዚህ ወደዚያ እያመላለሱ ተጋጣሚን ማድከም ነበር። የደከመው ወጥቶ ትኩስ እግር በየጊዜው የሚገባ ከሆነ ግን ማድከሙ ምን ይጠቅማል? ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ እኔ ግን በዩኒቨርሲቲ ኳስ ለምን ሯጭና ጉልበተኛ ተጫዋች እንደሚበዛ የሚያስረዳው ዋነኛው ነገር ይህ ይመስለኛል።

ጀርመን የሄደው አማራጭ ስላልነበረው ጭምር ነው። የቀድሞው የሰሜን አሜሪካ ሊግ ከ1984 ውድድር በኋላ ፈርሷል፤ የዛሬው ኤምኤልኤስ የጀመረው በ1996 ነው። በ1994 ሬይና የመጨረሻውን የትምህርት ዓመቱን ትቶ ሲወጣ በአገሩ የሚጫወትበት ከፍተኛ ሊግ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሌቨርኩሰን ላይ አልተሳካለትም ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በሦስት ዓመት ገደማ 26 የሊግ ጨዋታ ብቻ አደረገ። የደረሰው በ21 ዓመቱ ነው፤ የእድሜ እኩዮቹ የጀርመን ልጆች በዚያ ጊዜ ከአዋቂዎች ጋር መጋፋት ከጀመሩ ሰንብተዋል። በ1997 ገና ወደ ዋናው ሊግ ወዳደገው ወደ ቮልፍስቡርግ በውሰት ሲሄድ ግን ሰው ሆነ። በአውሮፓ ክለብ አምበል የሆነ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ተብሎ የሚነገርለት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በ112 ጨዋታ 8 ግብ። ይህ ታላቅ የሚያሰኝ ነው?

ይህ ባይጠየቅ እንኳን ራሴ አነሣው ነበር።

ሬይናን በግብ ቁጥር መመዘን አናጢን በምስማር ብዛት እንደ መመዘን ነው። እርሱን የምታውቁት ኳሷ ገና ሳትደርሰው ነው። በቀኝም በግራም ትከሻው ዞር ብሎ ያያል፤ ሰውነቱን ገደድ አድርጎ ይቀበላል፤ ከፊቱ ክፍተት ከሌለ ሳያፍር ለተከላካዩ ይመልሳል። ያኔ የአሜሪካ ቡድን የሚታወቀው በሩጫና በረጅም ኳስ ነበር። ሬይና ሲሰለፍ ቡድኑ ኳሷን ይዞ ትንፋሽ መሰብሰብ ቻለ። ኳስ ይዞ ማረፍ ለአሜሪካኖች አዲስ ነገር ነበር።

የ2002ን የዓለም ዋንጫ እንይ። በፖርቱጋሉ ጨዋታ በጉዳት አልተሰለፈም፤ ቡድኑ 3 ለ 2 አሸነፈ። በኋላ ሰኔ 17 ቀን በጄዎንጁ ከሜክሲኮ ጋር ሲገናኙ አሬና ሬይናን ከመሐል አንሥቶ ወደ ቀኝ መስመር ወሰደው። በ8ኛው ደቂቃ ኳሷን በቀኝ በኩል ይዞ ገሠገሠ፣ ተከላካዩን አልፎ ወደ መሐል መለሳት፣ ጆሽ ዎልፍ ነካት፣ ብራያን ማክብራይድ አስቆጠራት። መዝገቡን ብትከፍቱ ግብ አስቆጣሪው ማክብራይድ፣ አቀባዩ ዎልፍ ነው። የሬይና ስም የለም። ሥራው ግን የማን እንደነበር ያየ ሁሉ ያውቃል።

ከአራት ቀን በኋላ በኡልሳን ከጀርመን ጋር የተደረገውን ሩብ ፍጻሜ ያየሁት አዲስ አበባ፣ ሰው በተጨናነቀበት አንድ ሻይ ቤት ነው፤ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8፡30 ላይ። ሁሉም ኳሷን ይከተላል፤ እኔ ግን ከዕረፍት በኋላ ሬይናን ብቻ ለማየት ወሰንሁ። አሜሪካ በሚካኤል ባላክ ግብ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ቶርስተን ፍሪንግስ በግብ መስመር ላይ በእጁ የነካት ኳስም ሳይፈረድባት ቀረ። ያም ሆኖ ሁለተኛውን አጋማሽ የያዘው የአሜሪካ ቡድን ነበር። ፊፋ በውድድሩ ምርጦች ዝርዝር ውስጥ ሬይናን ከባላክ፣ ከሪቫልዶና ከሮናልዲንሆ ጋር በአማካይነት ሲያስገባው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ላይ ለምን ጎልቶ አልታየም?

የጉልበቱ ጉዳት ነው። በሬንጀርስ በዲክ አድቮካት ሥር የስኮትላንድን ሊግ አሸንፎ፣ በታኅሣሥ 2001 በ4.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሰንደርላንድ ገባ። በጥቅምት 2002 የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና የውድድር ዓመቱ አበቃ፤ ሰንደርላንድም በ19 ነጥብ ወረደ። ከጉዳቱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያው ከተማ ልጁ ጆቫኒ ተወለደ፤ ስሙን ያገኘው ከሬንጀርሱ ባልደረባ ከጆቫኒ ቫን ብሮንክሆርስት ነው። ከ2003 እስከ ጥር 2007 ማንችስተር ሲቲ ነበር፤ ጤና ሲኖረው ይጫወታል፣ ጤና ግን ብዙ ጊዜ አልነበረውም።

ጥያቄ፦ በ2006 በጋናው ጨዋታ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም?

የእርሱ ነው። ወዳጁ ብሆንም አልክድም። በኑረምበርግ በ22ኛው ደቂቃ በራሱ የግብ ክልል አጠገብ ኳሷን አቆያት፤ ሃሚኑ ድራማን ነጥቆ አስቆጠረ። በዚያው ቅጽበት ጉልበቱ ተጎዳ፤ ለመቀጠል ሞክሮ በ40ኛው ደቂቃ ወጣ። አሜሪካ 2 ለ 1 ተሸንፎ ተሰናበተ፤ ሬይናም ለብሔራዊ ቡድኑ ዳግመኛ አልተጫወተም።

ስሕተቱ የመጣው ከላይ ካመሰገንሁት ጠባዩ ነው። ሌላ ተጫዋች ቢሆን ኳሷን ወደ ደጋፊው ይጠልዛት ነበር። እርሱ መጠለዝ አይሆንለትም።

ጥያቄ፦ ስፖርት ዳይሬክተር ከነበረበት ከአሜሪካው ኦስቲን ክለብ ለምን ለቀቀ?

በ2022 የዓለም ዋንጫ ልጁ ጆቫኒ ብዙም አልተሰለፈም። ወላጆቹ ቅሬታቸውን ለፌዴሬሽኑ ሲያቀርቡ ስለ ያኔው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ግሬግ በርሃልተር የቆየ የግል ጉዳይ ተነሣ፤ ፌዴሬሽኑም አስመረመረ። ሬይና በጥር 2023 ከስፖርት ዳይሬክተርነቱ ወረደ። በርሃልተር የቅዱስ ቤኔዲክት ትምህርት ቤት የቡድን ጓደኛው ነበር። እንደ አባት ስሜቱ ይገባኛል፤ ያደረጉትን ግን ትክክል ነው አልልም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ16 ዓመት ልጄ አማካይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይግባ ወይስ አውሮፓ ልሞክርለት?

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ፓስፖርቱን ይዩ። ጆቫኒ በወጣትነቱ ወደ ዶርትሙንድ መሄድ የቻለው የፖርቱጋል ዜግነት ስላለው ነው። በፊፋ ደንብ የአውሮፓ ዜግነት የሌለው ልጅ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር 18 ዓመት ሳይሞላው ወደዚያ መዛወር አይችልም። «ልጅዎን አሁኑኑ አውሮፓ አስገባለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎት ደላላ ካለ አንድም ሳንቲም አይስጡት።

ዩኒቨርሲቲም በር የዘጋ መንገድ አይደለም። ሬይና ራሱ የኒው ዮርክ ሲቲ ስፖርት ዳይሬክተር ሳለ በ2016 ጃክ ሃሪሰንን የወሰደው ከዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ልጁ ከአንድ የውድድር ዓመት በኋላ ወጥቶ ኋላ በሊድስ በእንግሊዝ ዋና ሊግ ተጫውቷል። የሚመርጡት ዩኒቨርሲቲ ግን ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ልጁ የት እንደሚጫወት ማስረዳት የሚችል ይሁን። የአራት ወር ውድድር ብቻውን አማካይ አያሳድግም።

በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ግቡን ትተው አንድ ነገር ይዩልኝ፦ ኳሷ ሳትደርሰው ልጅዎ ስንት ጊዜ ወደ ኋላው ዞሮ ያያል? ቆጥረው ይንገሩኝ፤ ያኔ ስለ እርሱ ይበልጥ እንነጋገራለን።